አሮጌ የቤንዚን መኪናን ወደ ተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ መቀየር፦ ከሞተር ምርመራ እስከ ማስተካከያ

ወደ ተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ (ሲኤንጂ) የተቀየረ አሮጌ መኪና ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ጋዙ ነው፤ ቀጥሎ ኪቱ፣ ማለትም የመቀየሪያው ዕቃዎች ስብስብ። ፈትቶ ላየው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያረጀ የካንዴላ ገመድ፣ የተበላ የቫልቭ መቀመጫ ወይም የተደፈነ ራዲያተር ነው። ቤንዚን ችሎ የሚያልፈውን ድካም ጋዝ አይችለውም። ስለዚህ ሥራው ኪት ከመግዛት ሳይሆን ሞተሩን ከማየት ይጀምራል። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ ለአንድ ችግር ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

አንድ ነገር ከመነሻው ግልጽ ይሁን። ከመሙያው አፍ እስከ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት እስከሚቀንሰው ዕቃ) ያለው ክፍል 200 ባር ግፊት ይሸከማል። እሱን የሚገጥመውም ሆነ የሚያጸድቀው ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆን አለበት። ከሬጉሌተሩ ወዲህ ያለው፣ ማለትም ዝግጅቱ፣ የውሃ መስመሩ፣ የኤሌክትሪክ ሥራው፣ ማስተካከያውና ክትትሉ ደህና መካኒክ የሚችለው ነው። የከፍተኛ ግፊቱን ክፍል ባይሠሩትም ቆመው የሚያዩትን ነገር እንዲያውቁ እዚህ በዝርዝር ተጽፏል።

ጋዙ ምን ይዞ ይመጣል

የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ሚቴን ነው። የኦክቴን መጠኑ ከ120 በላይ ስለሆነ ሞተሩን አያንኳኳም። በሌላ በኩል ከቤንዚን ቀስ ብሎ ይቀጣጠላል፤ ለመቀጣጠልም ጠንካራ ብልጭታ ይፈልጋል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ 1 ኪሎ ሚቴን 17.2 ኪሎ ይፈልጋል። ጋዙ ወደ ሞተር የሚገባው በአየር መልክ ስለሆነ የአየሩን ቦታ ይሻማል። ለቤንዚን ተሠርቶ ወደ ጋዝ የተቀየረ ሞተር ከ10 እስከ 15 በመቶ ጉልበት የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ሙሉ በሙሉ የሚመልስ ማስተካከያ የለም።

ስለ ርቀት ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። 1 ኪሎ ጋዝ ከ1.4 እስከ 1.5 ሊትር ቤንዚን የሚያህል ኃይል አለው። 60 ሊትር ውሃ የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ወደ 10 ኪሎ ጋዝ ይይዛል። መኪናዎ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ ከሆነ አንድ ሙሊት 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደዎታል። ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ ሲሊንደር ደግሞ ጋዝ ሳይኖርበት እንኳ ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል። የኋላ ባሌስትራው ወይም ሞላው የደከመ መኪና ይህን ከመጫኑ በፊት መታየት አለበት።

የናፍጣ ሞተር እዚህ ውስጥ አይገባም። ካንዴላ የለውም፤ ሚቴን ደግሞ በጭመቃ ብቻ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ወይ ከናፍጣ ጋር አብሮ እንዲነድ የሚያደርግ የተለየ ሥርዓት ይፈልጋል፣ ወይ ጭመቃው ተቀንሶ ካንዴላ ይገባለታል። ሁለቱም ሌላ ሥራ ናቸው።

ኪት ከመግዛት በፊት ሞተሩን መፈተሽ

*ጭመቃ።* ሞተሩን አሙቁ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፣ የብልጭታውንና የቤንዚኑን መስመር አቋርጡ። የቤንዚን መርገጫውን እስከ መጨረሻ ረግጠው እያንዳንዱን የሞተር ሲሊንደር አምስት ስድስት ጊዜ እስኪጨምቅ ሞተሪኖውን ያዙሩ። ዋናው ነገር ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከተራራቁ አይቀጥሉ። በዝቅተኛው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት አፍስሰው ደግመው ይለኩ፤ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቋል፣ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው።

*የቫልቭ መቀመጫ።* አሮጌ መኪና ላይ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። እርሳስ ባለበት ቤንዚን ዘመን የተሠሩ ብዙ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫቸው በቀጥታ በቴስታታው ብረት ላይ የተቆረጠ ነው። ከእርሳሱ የሚቀረው ቅሪት በቫልቩና በመቀመጫው መካከል እንደ ስስ ትራስ ሆኖ ያገለግል ነበር። ጋዝ ግን ደረቅ ነው፤ የሚተወው ቅሪት የለም። የጭስ ማውጫው ቫልቭ በተመታ ቁጥር መቀመጫውን ትንሽ ትንሽ ይበላዋል፣ ቫልቩ ወደ ላይ ይሰምጣል፣ በቫልቩና በመምቻው መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። ክፍተቱ ዜሮ ሲደርስ ቫልቩ ሳይገጥም ይቀራል፣ የሚያቀዘቅዘው ስለማይኖር ጠርዙ ይቃጠላል። መፍትሔው ቴስታታውን አውርዶ ጠንካራ የብረት ቀለበት መቀመጫ ማስገባት ነው። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ቢያንስ ክፍተቱን በመለኪያ ምላጭ ለክተው ቁጥሩን በወረቀት ይያዙ፤ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ለክተው ያወዳድሩት። በሃይድሮሊክ መምቻ በሚሠራ ሞተር ላይ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ መምቻው የጠበበውን እያካካሰ ችግሩን ይደብቀዋል፣ የሚያካክስበት ቦታ ሲያልቅ ግን በአንድ ጊዜ ይወጣል።

*ብልጭታ።* አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ገመድ፣ አዲስ የዲስትሪቢውተር ክዳንና ጣት፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። የካንዴላውን ክፍተት ለቤንዚን ከተጻፈው ያጥብቡት፤ 1 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የነበረውን ወደ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊሜትር ያምጡት። ጋዝ ያለበት አየር ብልጭታው ዘሎ እንዲያልፍ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚጠይቅ፣ ሰፊ ክፍተት ያረጀውን ኮይል ያስጨንቀዋል። ብዙ ጭነት የሚሸከም መኪና ከሆነ አንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ያለ ካንዴላ ይምረጡ። ገመዶቹን ለመፈተሽ ማታ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩ እየሠራ በእጅ መርጫ ስስ የውሃ ጭጋግ ይንፉባቸው። የሚያፈስ ገመድ በጨለማው ውስጥ ሰማያዊ ክር የመሰለ ብልጭታ ወደ ሞተሩ አካል ሲዘል ይታያል። ገመዱን በእጅ አይንኩ።

*ውሃ።* ራዲያተሩ፣ ቴርሞስታቱና የካቢን ማሞቂያው መስመር ንጹሕና ክፍት መሆን አለባቸው። ምክንያቱ ሬጉሌተሩ ጋር ስንደርስ ይገለጣል።

በመጨረሻ መኪናው በቤንዚን በሚገባ መሥራት አለበት። ሚኒሞው (መርገጫው ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) የሚንቀጠቀጥ፣ ከማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) አየር የሚስብ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ የሞተ መኪና ላይ ጋዝ ቢገጠም ማስተካከያው የሚነሳው ከተሳሳተ መሠረት ነው።

የትኛው ኪት ለየትኛው መኪና

ካርቡሬተር ላለው መኪና በሚክሰር የሚሠራው ኪት ይገጠማል። ሚክሰሩ ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ የሚቀመጥ፣ መሐሉ ጠበብ ያለ ቀለበት ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው አየር በሚፈጥረው መሳብ ጋዙን ከሬጉሌተሩ ይጎትታል። ኢንጀክሽን ላለው መኪና ደግሞ ለእያንዳንዱ የሞተር ሲሊንደር የራሱ የጋዝ ኢንጀክተር (መርጫ) ያለው ተከታታይ ኪት ይምረጡ። ኢንጀክሽን ባለው መኪና ላይ ሚክሰር መግጠም ቢቻልም አልመክረውም። ማኒፎልዱን በሙሉ በሚነድ ድብልቅ ይሞላዋል፤ አንድ ጊዜ ብልጭታ ሲሳት እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የፕላስቲክ ማጣሪያ ቤቱንና የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ይሰብራል።

ኪቱ ሲመጣ እነዚህ መሟላታቸውን ይቁጠሩ፦

- ሲሊንደር፣ ከማሰሪያው ቀበቶና ከብረት ተሸካሚው ጋር
- የሲሊንደር ቫልቭ፦ በእጅ የሚዘጋ መክፈቻ፣ ቱቦ ሲበጠስ የሚዘጋ የፍሰት መገደቢያ፣ ሙቀቱ 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጋዙን የሚለቅ መከላከያ ያለው
- የመሙያ አፍ ከማይመልስ ቫልቭ ጋር
- ስፌት የሌለው የብረት ቱቦ፣ ብዙውን ጊዜ የውጭ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር፣ ከማያያዣዎቹ ጋር
- ሬጉሌተር፣ የከፍተኛ ግፊት ኤሌክትሮ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ) እና የግፊት መለኪያ
- ለካርቡሬተር፦ ሚክሰር፣ የቤንዚን መዝጊያ ኤሌክትሮ ቫልቭ፣ የጉልበት ማስተካከያ ብሎን
- ለኢንጀክሽን፦ የዝቅተኛ ግፊት ማጣሪያ፣ የኢንጀክተር ሬል (ኢንጀክተሮቹ የሚደረደሩበት)፣ የግፊትና የሙቀት ሴንሰር፣ የጋዝ ኮምፒውተር
- መቀያየሪያ ቁልፍ፣ ፊውዝና የሽቦ ጥቅል

ሲሊንደሩ

ለፈሳሽ ጋዝ የተሠራ ሲሊንደር፣ የኦክስጅን ወይም የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር፣ ታሪኩ ያልታወቀ ያገለገለ ሲሊንደር በምንም ምክንያት አይግጠሙ። የፈሳሽ ጋዝ ሲሊንደር ከዚህ ግፊት በብዙ እጥፍ ላነሰ ነገር የተሠራ ነው፤ በ200 ባር ሲሞላ ይፈነዳል፤ በሙሊት ጊዜ በአካባቢው ያለውን ሰው ይገድላል። ትክክለኛው ሲሊንደር አንገቱ ላይ ለተሽከርካሪ የተፈጥሮ ጋዝ መሠራቱ፣ የሥራ ግፊቱ፣ የውሃ ይዘቱ፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ ተከታታይ ቁጥሩና የተሠራበት ደረጃ ተቀርጾበታል። ከዓለም አቀፍ ደረጃዎች በብዛት የሚታዩት አይኤስኦ 11439 እና ኢሲኢ አር110 ናቸው። ጽሑፉ በመፍጫ የተፋቀ ወይም በቀለም የተሸፈነ ከሆነ ይመልሱት።

ከባድ ዕቃ ስለሆነ ቦታው አስቀድሞ ይታሰብበት። ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ በመኪናው አግድም፣ ከፓራውልቱ ራቅ ብሎ መቀመጡ የተሻለ ነው። ከመኪናው ሥር ከሆነ ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ከማርሚታው ከ10 ሴንቲሜትር በታች የሚቀርብ የጋዝ ክፍል የሙቀት መከላከያ ጋሻ ይፈልጋል።

ስለ ማሰሪያው አንድ ሒሳብ ይያዙ። የአር110 ደንብ የትንንሽ መኪናዎች ሲሊንደር ወደ ፊት አቅጣጫ የራሱን ክብደት 20 እጥፍ፣ ወደ ጎን 8 እጥፍ የሚያህል ኃይል እንዲችል ያዛል። ጋዙን ጨምሮ 70 ኪሎ የሚመዝን ሲሊንደር በግጭት ጊዜ 1.4 ቶን በሚያህል ኃይል ወደ ተሳፋሪው ይገፋል ማለት ነው። በስስ ላሜራ ላይ በትንሽ ሮንዴላ የታሰረ ቡሎን ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ተሸካሚውን ከሻንሲው ወይም ከሻንሲ ጋር ከተበየደ የወለል ድጋፍ ጋር ያያይዙት፤ ከወለሉ ሥር ሰፋፊ የብረት ሳህን ያስገቡ፤ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 8.8 ጥንካሬ ያላቸው አራት ቡሎኖች ይጠቀሙ። በቀበቶውና በሲሊንደሩ መካከል ጎማ ይግባ፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ቀለሙ ይላጥና ዝገቱ ከማይታይበት ይጀምራል። በሲሊንደሩ ላይ ምንም ነገር አይበየድ፣ በትራፓኖም አይነካ።

ሲሊንደሩ ከተሳፋሪ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ቫልቩ ጋዝ በማያሳልፍ ከረጢት ይሸፈናል፤ ከረጢቱም ወደ ውጭ በሚወጣ ቱቦ ይተነፍሳል። የመተንፈሻው ቀዳዳ ቢያንስ 450 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፤ አፉ ወደ ጎማ ቤት ወይም ወደ ማርሚታ አይዙር።

የከፍተኛ ግፊት ቱቦ

ቱቦው ከሲሊንደሩ ተነስቶ ከመኪናው ሥር፣ በሻንሲው ጥላ፣ ወደ ሞተር ክፍል ይሄዳል። በየ60 ሴንቲሜትሩ ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ጎማ ባለው ክሊፕ ይያዛል። ላሜራ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይገባለታል። ከቫልቩና ከሬጉሌተሩ አጠገብ ቱቦውን ሁለት ወይም ሦስት ዙር እንደ ሞላ ይጠምዝዙት፤ ይህ ጥምዝ ለውበት አይደለም። ሞተሩና አካሉ በተለያየ መንገድ ስለሚንቀጠቀጡ፣ ቀጥ ብሎ የተወጠረ ቱቦ ከማያያዣው ሥር በድካም ይሰነጠቃል።

ማያያዣው ላይ እጅ መቸኮል የለበትም። ቱቦውን በሚሽከረከር የቱቦ መቁረጫ ቁረጡ እንጂ በመጋዝ አይደለም፤ የመጋዝ ፍቅፋቂ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሮ ቫልቩን ከፍቶ ያስቀረዋል። የውስጡንና የውጩን ጠርዝ አለስልሱ፣ ቱቦውን በደረቅ አየር ንፉ። ዳዶውን፣ ቀጥሎ ቀለበቶቹን አስገብተው ቱቦውን በማያያዣው ወንበር ላይ ተደግፎ እስኪቆም ግፉት። ዳዶውን በእጅ እስከሚሄድ ድረስ አጥብቁት፣ ከዚያ በዳዶው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ባለ ሁለት ቀለበት ማያያዣ በ6 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ ከዚህ በኋላ በቁልፍ አንድ ዙር ከሩብ ይፈልጋል፤ ለሌላ ዓይነት ማያያዣ የአምራቹን ቁጥር ይከተሉ። ፈትተው ሲያዩት የፊተኛው ቀለበት ቱቦውን ነክሶ እንዳይንሸራተት ሆኖ ይዞት መገኘት አለበት። ክር ማሸጊያ ቴፕ በዚህ ቦታ አያስፈልግም፤ የሚያሽገው የብረቱ ንክሻ ነው።

ሬጉሌተሩና ሙቅ ውሃው

ጋዝ ከ200 ባር ወደ ጥቂት ባር ሲወርድ በኃይል ይቀዘቅዛል። ሬጉሌተሩ የሞተሩን ሙቅ ውሃ ካላገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ውጩ በረዶ ይለብሳል፣ ውስጡ ያለው ዲያፍራም (ስስ የጎማ ሽፋን) ይደርቃል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይሞታል። ውሃውን ከካቢን ማሞቂያው መስመር ይውሰዱ። ሬጉሌተሩን ከሞተሩ ላይ ሳይሆን ከመኪናው አካል ላይ ይግጠሙት፤ ከራዲያተሩ ክዳን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ካልሆነ አየር እየታቀፈ ውሃው አይዞርም። በሚክሰር በሚሠራው ሬጉሌተር ትልቁ ዲያፍራም ከመኪናው ጉዞ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ይቁም፤ ያለዚያ ፍሬን ሲያዝ ዲያፍራሙ ይገፋና ድብልቁ ይዛባል። ከገጠሙ በኋላ ውሃውን ሞልተው አየሩን አስወጡ፤ ሞተሩ ሲሞቅ በሬጉሌተሩ መግቢያና መውጫ ያሉት ሁለቱም ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች) ሲነኩ ሙቅ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከሞቀ አየር አለ፣ ወይም መስመሩ ተደፍኗል።

ጋዙን ወደ ሞተር ማስገባት

ካርቡሬተር ላይ ሥራው አጭር ነው። ለካርቡሬተሩ ልክ የተሠራውን ሚክሰር ይግጠሙ። የቤንዚን መዝጊያውን ኤሌክትሮ ቫልቭ በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ያስገቡ፤ የጋዝ ማኒኮቶውን ሳይጣመም ወደ ሚክሰሩ ያምጡ፤ የጉልበት ማስተካከያውን በመሐል ያስገቡ። የሚክሰሩ ጉሮሮ ከሚገባው በላይ ከሰፋ ጋዙን አይስብም፣ ከጠበበ በቤንዚንም ጭምር ጉልበት ይወስዳል።

ኢንጀክሽን ላይ ግን ማኒፎልዱ ይበሳል። ከተቻለ አውርደው ይብሱት። ካልተቻለ የትራፓኖውን ጫፍ በግሪስ ይቀቡ፤ በየጥቂቱ እያወጡ ፍቅፋቂውን ጠርገው እንደገና ይቀቡ፤ በመጨረሻ የቀረውን በአየር መምጠጫ ይምጠጡት። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከቴስታታው እኩል ርቀት ላይ፣ ለቫልቩ ቅርብ፣ ወደ አየሩ ጉዞ ያዘነበሉ ይሁኑ። በቀዳዳው ውስጥ ክር ካወጡ በኋላ ኖዝሉን (ጋዙን ወደ ማኒፎልዱ የሚያስገባውን ትንሽ አፍ) በክር ሙጫ አጥብቁት። ከሬሉ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱት ጎማ ቱቦዎች አጭርና እኩል ይሁኑ፤ አንዱ 15 ሌላው 30 ሴንቲሜትር ከሆነ ሚኒሞው በፍጹም አይረጋም።

የኖዝሉን ቀዳዳ ስፋት መምረጥ የዚህ ክፍል ዋና ውሳኔ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ሙሉ የሥራ ዑደት ሁለት ዙር፣ ማለትም 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ይፈጃል። የጋዝ ኢንጀክተሩ በሙሉ ጭነት ከዚህ በላይ ክፍት መሆን ከፈለገ ተዘግቶ አያውቅም፣ ሞተሩም ይራባል። ስለዚህ ቀዳዳው በቂ መስፋት አለበት። በጣም ከሰፋ ደግሞ በሚኒሞ ላይ ኢንጀክተሩ ለአጭር ቅጽበት ብቻ መከፈት ይኖርበትና መጠኑ ይዘባርቃል። የኪቱ አምራች በእያንዳንዱ የሞተር ሲሊንደር ለሚወጣው የፈረስ ጉልበት የሚሰጠውን ሰንጠረዥ ይከተሉ።

የኤሌክትሪኩን ሥራ በፍጥነት እናልፋለን፤ አራት ነገሮች ብቻ ይበቃሉ። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን። መሬቱ (ኔጌቲቩ) በቀጥታ ከባትሪው ይወሰድ እንጂ ዝገት ካለው ላሜራ አይደለም። የጋዝ ኤሌክትሮ ቫልቮቹ ሞተሩ ሲቆም፣ የማስነሻ ቁልፉ ባይጠፋም እንኳ፣ ራሳቸው የሚዘጉ መሆናቸውን ሞተሩን አጥፍተው ያረጋግጡ። ሽቦዎቹን በመጠምዘዝ ሳይሆን በብየዳና በሙቀት በሚጠብ ልባስ ያያይዙ።

ልቅ (የጋዝ ማፍሰስ) መፈተሽና የመጀመሪያ ሙሊት

አዲስ ሲሊንደር ውስጥ አየር አለ። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በናይትሮጅን ይታጠባል ወይም አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። ለልቅ ሙከራ ደረቅ ናይትሮጅን እንጂ ኦክስጅን ወይም የተጨመቀ አየር አይግባ። መጀመሪያ በ20 ባር፣ ከዚያ በሥራ ግፊት።

አሞኒያ የሌለው የሳሙና ውሃ በየማያያዣው ላይ በብሩሽ ይቀቡ፤ አሞኒያ የነሐስ ክፍሎችን ያሰነጥቃል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይመልከቱ። ትልቅ ልቅ ወዲያው አረፋ ይነፋል፤ ትንሹ ግን በዳዶው ጠርዝ ላይ ነጭ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እሱን ነው። ልቅ ካገኙ ግፊቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ያጥብቁ። ግፊት ያለበትን ማያያዣ በቁልፍ መጫን ዳዶውን ከቱቦው ጋር አውልቆ ፊት ላይ ይወረውራል። ሲጨርሱ ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ ይጠቡት።

ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ውጭ ሲወጣ ወደ ላይ ይበተናል፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ጣሪያው ሥር ይከማቻል። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ይነዳል። የጣሪያ አምፖልና ማራገቢያ ባለበት ቤት ውስጥ ጋዝ አይልቀቁ።

ሲሞላ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ይወርዳል። በፍጥነት የተሞላ ሲሊንደር ይሞቃል፤ መለኪያው 200 አሳይቶ ሲቀዘቅዝ ወደ 170 ቢወርድ ልቅ ነው ብለው አይደንግጡ። በማግስቱም እየወረደ ከሄደ ግን ሳሙናውን ያንሱ።

ማስተካከያ

*በሚክሰር ለሚሠራው።* መቀያየሪያውን መሐል ላይ አድርገው በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ ሁለቱ ነዳጆች አብረው ከገቡ ሞተሩ ይታነቃል። ወደ ጋዝ ቀይረው የሬጉሌተሩን የሚኒሞ ብሎን ሞተሩ እስኪረጋ ያስተካክሉ። ከዚያ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይያዙና የጉልበት ብሎኑን ቀስ እያሉ ያጥብቡ። ዙሩ መውረድ ሲጀምር ያቁሙና እስኪመለስ ድረስ ትንሽ ይልቀቁት። ሚኒሞውን እንደገና ይመልከቱ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይለወጣል። በጭስ መለኪያ መሣሪያ ማረጋገጥ ከጆሮ ይሻላል። ሲጨርሱ ብሎኑን በቀለም ነጥብ ያሽጉት፤ በኋላ ሰው ነክቶት እንደሆነ ይታወቃል።

*ለኢንጀክሽኑ።* ሞተሩ 80 ዲግሪ ሲደርስ አውቶማቲክ ካሊብሬሽኑን (የጋዝ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ያስኪዱ፤ ግን እሱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ትክክለኛው ሙከራ ይህ ነው፦ በቤንዚን፣ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ረግቶ ሳለ የቤንዚን መርጫ ጊዜውን (የቤንዚን ኢንጀክተሩ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ) ከኮምፒውተሩ ያንብቡ። ዙሩን ሳይነኩ ወደ ጋዝ ይቀይሩ። የመኪናው ኮምፒውተር አሁንም የቤንዚን ጊዜ ማስላቱን አይተውም፤ ያ ቁጥር ካልተለወጠ ጋዙ ልክ ነው። ከጨመረ ሞተሩ ነዳጅ አንሶኛል እያለ ነው፣ በጋዝ ኮምፒውተሩ ላይ የጋዙን መጠን የሚወስነውን ማባዣ ከፍ ያድርጉ። ከቀነሰ ጋዙ በዝቷል፣ ዝቅ ያድርጉ። በሚኒሞ፣ በመካከለኛና በሙሉ ጭነት ይድገሙት። የመኪናው ኮምፒውተር የሚያደርገው የነዳጅ እርማት በ5 በመቶ ክልል ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ10 በመቶ ካለፈ እየራቀ ሲሄድ የሞተር መብራት ሊበራ ይችላል።

*የብልጭታ ጊዜ።* ሚቴን ቀስ ብሎ ስለሚነድ ብልጭታው ቀደም ማለት አለበት። በዲስትሪቢውተር የሚሠራ መኪና ላይ ለጋዝ የሚስማማውን ያህል ካስቀደሙ በቤንዚን ያንኳኳል። ስለዚህ ወይ በቤንዚን ሳያንኳኳ የሚቻለውን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ያስቀድሙ፣ ወይ በጋዝ ጊዜ ብቻ የሚያስቀድም መሣሪያ ይጨምሩ። ከጠፋው ጉልበት የተወሰነውን የሚመልሰው ይህ ነው።

የሚገጥሙ ችግሮች

ወደ ኋላ የሚፈነዳ ሚክሰር ላይ መጀመሪያ ብልጭታውን፣ ቀጥሎ የጋዝ ማነስን ይጠርጥሩ። በማጣሪያ ቤቱ ላይ ግፊት ሲመጣ የሚከፈት የጎማ ክዳን ይግጠሙ።

ዳገት ላይ ብቻ የሚደክም መኪና ኖዝሉ ጠቧል፣ ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም ሬጉሌተሩ እየቀዘቀዘ ነው። ወዲያው ቆመው ሬጉሌተሩን ቢያዩት በረዶ ካለበት መልሱን አግኝተዋል።

ቤንዚኑ እንደ ድሮው የሚያልቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቴርሞስታት ነው። ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት ሞተሩን ስለማያሞቀው ኪቱ ወደ ጋዝ የሚቀይርበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ጉዞው ያልቃል።

መርገጫው ሲለቀቅ የሚጠፋ ሞተር የሚኒሞ ጋዙ አንሷል፤ ወይም የሬጉሌተሩ ዲያፍራም ደርቋል። ሬጉሌተር ውስጥ ከመሙያ ጣቢያ ኮምፕረሰር የመጣ ዘይት መጠራቀሙም የተለመደ ነው። የማፍሰሻ ብሎን ካለው ጋዙን ዘግተው፣ ግፊቱን አውጥተው ያፍስሱት።

ከዚያ በኋላ

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የሲሊንደሩን ቡሎኖች ደግመው ያጥብቁ፣ ማያያዣዎቹን በሳሙና ይዩ። ማጣሪያዎቹ በአምራቹ መርሐ ግብር ይቀየሩ፤ የቫልቭ ክፍተቱ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ይለካ። የሞተር ዘይት በጋዝ ሲሠራ ንጹሕ መስሎ ይቆያል፤ ቀለሙን አይመኑ፣ ጊዜውን ጠብቀው ይቀይሩ። በቤንዚን ታንክ ውስጥ ሁልጊዜ ቢያንስ ሩብ ይኑር፤ በየሳምንቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር በቤንዚን ይንዱ፤ ያለዚያ ፓምፑ በባዶ ይቃጠላል፣ የካርቡሬተሩ ጓርኒሲዮኖች ይደርቃሉ።

ሲሊንደሩ በየጊዜው ይመረመራል። ጊዜው እንደየሀገሩ ሕግ ቢለያይም በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ጠቅላላ ዕድሜው ደግሞ በራሱ ላይ ተጽፏል። ግጭት ወይም እሳት የነካው ሲሊንደር ቀኑ ባይደርስም ወርዶ ይመርመር። መኪናው ለቀለም ወደ ማድረቂያ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ ይውረድ፤ በመኪናው ላይ ብየዳ ሲሠራ ደግሞ የሲሊንደሩ ቫልቭ በእጅ ይዘጋ፣ ባትሪውና የጋዝ ኮምፒውተሩ ይነቀሉ።